የኮልቾው ሞተር ቋጠሮዎች

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በጽሑፌ ተሞግሻለሁ፤ የተሞገሰው ጽሑፍ ደግሞ አብዛኛው ሁለት ጭረት ነበር። ይህን ስነግራቸው ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ዛሬ እኔም እስቃለሁ።

በደርግ ዘመን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ብዙም ሳልቆይ፣ ጂንካ ውስጥ የውሃ ፓምፖችንና ጄኔሬተሮችን በሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት በመዝጋቢነት ተቀጠርኩ። ቢሯችን ከተማው መሀል ከተዘረጋው የአውሮፕላን ሜዳ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ሜዳው የላሞች ነው። በሚመጣበት ቀን ደግሞ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ በአቅራቢያው ያለ ሁሉ ዱላውን ይዞ ላሞቹን ሊያስወጣ ይሮጣል። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ ውስጥ ዋናው መካኒክ ከነመፍቻዎቻቸው፣ ሌላው ውስጥ እኔ ከመገናኛ ሬዲዮኑና ከመዝገቡ ጋር እንውል ነበር።

ዋናውን መካኒክ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከደጋ የመጡ፣ ቀጭን፣ ተናጋሪ ሰው ነበሩ። ሥራ በጀመርኩ ዕለት መዝገቡን ከፊቴ አስቀመጡና፣ "ሞተር ይናገራል" አሉኝ። "በጭሱ ይናገራል፣ በድምፁ ይናገራል፣ በሙቀቱ ይናገራል። ሞተሪስቱ ይሰማዋል፣ ለአንቺ ይነግርሻል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ ያለ ሞተር የማክመው በዚህ ደብተር ነው። ገባሽ?"

ገብቶኛል አልኳቸው። ምኑም አልገባኝም ነበር።

ሞተሮቻችን ሦስት ነበሩ። አንዱ ሃና ከተማ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚያሠራ፣ አንዱ ካንጋተን ለጽሕፈት ቤቱ መብራት የሚሰጥ፣ ሦስተኛው ኮልቾ፣ ከመንደሩ በታች ከኦሞ ወንዝ ውሃ እየሳበ እርሻ የሚያጠጣ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሞተሪስት አላቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በየተራ እጠራቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ የተፈቀደልኝ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከእኛ ቀጥሎ በዚያው መስመር የሚነጋገሩ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ይጠብቃሉ፤ ባትሪውም ደካማ ነው።

የሃናው ሞተሪስት ቃል የሚሸጥ ይመስል ቁጥብ ነበር። "ሃና ደህና" ይልና ይጠፋል። የካንጋተኑ በተቃራኒው ዝንብ ሞተሩ ላይ ብታርፍ ያስመዘግባል። አንድ ቀን "ዛሬ ሞተሩ ከትናንቱ ትንሽ አዝኗል" ብሎኝ፣ ጋሼ ሲሰሙ መፍቻ በእጃቸው እንደያዙ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። የኮልቾው ግን የሰላምታ ሰው ነበር።

"ኮልቾ፣ ኮልቾ፣ ጂንካ ነኝ። ሞተሩ እንዴት ነው? ኦቨር።"

"ጂንካ! እህቴ ደህና አደርሽ? ሞተር ደህና ነው። አንቺ ደህና? እናት ደህና ነው? ጋሼ ደህና ነው? ጂንካ ዝናብ አለ? ላም ደህና ነው? ኦቨር።"

"ሁሉም ደህና ነው። ተመዝግቧል። ጨርሻለሁ።"

አንዳንድ ቀን ጣቴ ማጥፊያው ላይ ሲያርፍ "አንድ ነገር ብቻ..." የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ስለ ጥጃዎቻችን ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠቅ አደርገዋለሁ። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር እናቴ ለወንድሞቼ አከፋፍላ ጨርሳ ነው እኔን የወለደችኝ።

መዝገቡም ቀስ በቀስ የእኔን ጠባይ መሰለ። በመጀመሪያው ወር "ሞተሩ ደህና ነው" ብዬ በሙሉ እጽፍ ነበር። በሁለተኛው "ደህና" ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሃናና ለኮልቾ ከላይ እንዳለው ለማለት ሁለት ጭረት፣ በማግስቱም ሁለት ጭረት። ገጹ በማስመሪያ የተሠራ ይመስል ነበር። በዚያ ሰሞን ነው ከአርባ ምንጭ ተቆጣጣሪ የመጣው። መዝገቤን አገላብጦ "እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ በክፍለ ሀገሩ አላየሁም፣ ጓድ" አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት መሬት ሳልረግጥ ነው።

በዚያ ዓመት ኦሞ ሳይሞላ ቀረ። ኮልቾ ላይ ሰው የሚዘራው ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ጥሎት በሚሄደው እርጥብ አፈር ላይ ነው፤ ወንዙ ካልመጣ ማሽላ የለም። ስለዚህ የዚያን ጊዜው ማሽላ ሁሉ ሞተሩ በሚስበው ውሃ ላይ የተዘራ ነበር። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ፣ ዝናቡ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት ከአዲስ አበባ የሚታዘዘውን የመለዋወጫ ዝርዝር ሲያዘጋጁ ደጋግመው ጠየቁኝ።

"ኮልቾ ምንም የለውም?"

"ምንም፣ ጋሼ። ይኸው ይመልከቱ።"

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ገፋ አድርገው ጭረቶቼን ተመለከቱና፣ ለካንጋተን ሁለት ፊልትሮና አንድ ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ጽፈው ፖስታውን አሸጉ። አውሮፕላኑ የሚመጣው በማግስቱ ነበር። ከእሱ በኋላ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ካደረገው ሌላው መቼ እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው በሩን ሞልቶ ቆመ። የመሥሪያ ቤታችንን የካኪ ሱሪ ለብሷል፣ በእጁ የሚቀመጥባትን ትንሽ የእንጨት በርጩማ ይዟል። እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው።

"እህቴ፣ ደህና ዋልሽ?" አለ።

መልኩን አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ግን በየጠዋቱ ዘግቼዋለሁ። የኮልቾው ሞተሪስት ነበር። ሞተሩን ለሚስቱ ወንድም ትቶ፣ እስከ ዲመካ ከተማ በእግሩ ሄዶ፣ ከገበያ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ነው የመጣው።

በርጩማውን አስቀምጦ ተቀመጠና ሰላምታውን ጀመረ። የሚጠፋ ማጥፊያ የለም። እናቴን ጠየቀኝ፣ ወንድሞቼን በየተራ ጠየቀኝ፣ ጋሼን፣ ዝናቡን፣ ላማችንን ጠየቀኝ። እኔም በየተራ መለስኩ፤ እሱን ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቶቹን መልሼ ጠየቅሁ። ዙሩ ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ነገር ብቻ" አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥሎ ያለውን ሰማሁ።

"ሞተር ውሃ ይጠጣል። በጠዋት ራዲያተር እሞላለሁ፣ ከሰዓት የለም። ነጭ ጭስ አለ።"

ይህ ልማድ ለእኔ እንግዳ ሊሆንብኝ አይገባም ነበር። ሰው እንዴት ነህ ሲባል በችግር አይጀምርም፤ አስቀድሞ ደህና ነኝ ይላል፣ የሌላውን ደህንነት ይጠይቃል፣ ክፉው ነገር መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል። እኛም ቤት እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ላማችን ገደል መግባቷን ሊነግረን መጥቶ፣ አስቀድሞ ላሚቱ ደህና መሆኗን ጠይቋል። እናቴም ደህና ናት፣ ተመስገን ብላለች። እኔ ግን ሬዲዮኑ ፊት ስቀመጥ የተወለድኩበትን ረስቼ፣ የመጀመሪያዋን "ደህና" ጽፌ የመጨረሻዋን "አንድ ነገር" በየቀኑ ስዘጋ ከርሜያለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

ከወገቡ ላይ ከልጥ የተገመደ ገመድ ፈታና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እሱ የተወለደው ሐመር፣ ያደገው ኮልቾ ነው። በሐመር አገር ለአቅመ አዳም ደርሶ ከብት ለሚዘል ጎረምሳ ድግስ ሲደገስ፣ ለተጠሪው ቀኑ በቋጠሮ ተቆጥሮ ይላክለታል፤ እሱም በየቀኑ አንድ አንድ እየፈታ ቋጠሮው ሲያልቅ ይሄዳል። የእኛ ሞተሪስት ይህንኑ ገልብጦ በየማታው አንድ ያስር ነበር። ሞተሩ ደህና የዋለበት ቀን ነጠላ ቋጠሮ፣ ውሃ የጎደለበት ድርብ፣ ነጭ ጭስ የወጣበት ድርብ ሆኖ ጨርቅ የገባበት፣ ሞተሩ በራሱ የቆመበት ቀን ደግሞ ሦስት ጊዜ የታሰረ ወፍራም ቋጠሮ።

"በሬዲዮ ነገርኩ" አለኝ በቀስታ። "ጋሼ ምን አለ?"

መዝገቡ ከፊታችን ተከፍቶ ነበር። ማንበብ አይችልም። አመልካች ጣቱን በጭረቶቼ ዓምድ ላይ ከላይ ወደ ታች አስኬደና ጠየቀኝ።

"ይሄ የኔ ቋጠሮ ነው?"

እውነትም ቋጠሮ ይመስሉ ነበር።

"አዎ" አልኩት። "ጋሼ እያሰቡበት ነው።"

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት። እሱ ፈገግ አለ። "ጥሩ ነው። እናቴ ማሽላ ዘርቷል። ወንዝ አልመጣም። ሞተር ከሞተ..." አለና አልጨረሰውም። ያን ጊዜ ያፈርኩትን እፍረት ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ውሃ ላምጣልህ ብዬ ተነሳሁና በቀጥታ ወደ ጋሼ ክፍል ገባሁ። ሁሉንም፣ ጭረቱንም መዝጋቴንም፣ ነገርኳቸው።

ጋሼ ሲቆጡ ይጮኻሉ፤ በጣም ሲቆጡ ግን መነጽራቸውን ያወልቃሉ። አወለቁት። ከሥራዬ ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ሰውየውን ከነገመዱ አምጪው" አሉ።

ገመዱን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳሰሱት። እዚህ ምን ሆነ ይላሉ፣ ሞተሪስቱ ይመልሳል። እዚህስ? ይመልሳል። ውሃው እየቆየ እየጨመረ ነው የጎደለው፤ ጨርቆቹ እየተቀራረቡ መጥተዋል፤ ወፍራሙ ቋጠሮ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻው አካባቢ።

"የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው" አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። በሞተሩ ክዳንና በአካሉ መካከል የምትገባ ስስ ነገር ናት፤ ተበልታ ስታልቅ ውሃ ታሾልካለች። "አንድ ቀን ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባና ሞተሩ ድርቅ ይላል። ያኔ ጓርኒሲዮን ሳይሆን ሌላ ሞተር ነው የሚያስፈልገን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ቀይ እስክሪብቶ አምጪ። ይህን ገመድ አንድም ሳታስቀሪ በጭረቶችሽ ላይ ትገለብጪዋለሽ። የሰውም ጥፋት ይመዘገባል።"

እሱ ቋጠሮውን በጣቱ እየያዘ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ንጹሕ መዝገቤ ኩፍኝ የያዘው ልጅ መሰለ። ከትላልቆቹ ቋጠሮዎች ጎን አልፎ አልፎ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቋጠሮ አየሁና ምን እንደሆነች ጠየቅሁት።

"እሱ የሞተር አይደለም፣ ተይው" አለኝ።

ተውኩት። በመጨረሻው መስመር ላይ ጋሼ ያዘዙኝን ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ አዲሱን ዝርዝር በታይፕ በሁለት ጣቴ ስለቅም አውሮፕላኑ ከተለመደው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ሰውና ዕቃ አራግፎ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ደብዳቤ ተቀብሎ በሩ ሲዘጋ እኔ ገና "ጓርኒ" ላይ ነበርኩ። ሞተሪስቱ በመስኮት አየና ወጣ። ከሜዳው ዳር ቆሞ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ፉጨት አፏጨ። ከተማ ያደጉት የጂንካ ላሞች ቀና አሉ። ቀጠለና አንድ ዜማ ያዘ፣ እያዜመ ወደ ሜዳው መሀል ሄደ፤ ላሞቹም ተከተሉት። የሰው ላም እንደዚያ ስትታዘዝ አይቼ አላውቅም። አውሮፕላኑ አፍንጫው ፊት የቆመችውን ቡሬ ላም እያየ መጠበቅ ነበረበት።

ሰዎች ዱላ ይዘው ሲራወጡ እኔ ፖስታውን ይዤ፣ አንድ ጫማዬን ሜዳው ላይ ጥዬ ደረስኩ። አብራሪው በትንሿ መስኮት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። ጋሼ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ስመለስ፣ "እነዚህ ላሞች ዛሬ ምን ነካቸው?" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሞተሪስቱ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር መስማማት ነበረብን። ክፉውን ነገር አስቀድመህ ንገረኝ አልኩት።

"ሰው ሳልጠይቅ?" አለና ባለጌ እንደሚያይ ሰው ተመለከተኝ። "አልችልም።"

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ቋጠሮውን አስቀድሞ ለመናገር ተስማማ፤ ቋጠሮ ክፉ ነገር አይደለም፣ ቋጠሮ ነው። እኔም በበኩሌ ኮልቾን ከተራው መጨረሻ ላይ አደረግሁትና፣ ከእኛ ቀጥለው የሚጠብቁትን መሥሪያ ቤቶች ለምኜ ጥቂት ደቂቃ አስጨመርኩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት "ድርብ!" ይላል፣ ቀጥሎ "እህቴ ደህና አደርሽ? እናት ደህና ነው?" ጋሼ ባዘዙት መሠረት ሞተሩን ጥቂት ጥቂት እያሠራ፣ እያሳረፈ፣ ውሃ እየሞላ ማሽላውን በጉርሻ አጠጣው። የካንጋተኑ ሰው ሰምቶ ወደደው፤ እሱም "ነጠላ፣ ግን ወደ ድርብ የተጠጋ" ማለት ጀመረ። ቁጥቡ የሃና ሰው እንኳ "ነጠላ" የሚለውን ቃል ጨምሮልን በንግግሩ ሁለት እጥፍ አደገ። እኔ ግን በየጠዋቱ የኮልቾ ተራ ሲደርስ ቀዩን እስክሪብቶ ከፍቼ እጠብቅ ነበር። አንድ ጠዋት "ሦስት!" አለ፤ ሞተሩ ትናንት በራሱ ቆሞ ነበር። ጋሼ እስኪበርድ እንዳይነካ አሉ። በማግስቱ እንደገና ተነሳ፤ ድርብ ከነጨርቁ። ድርብ በመሆኑ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዝናቡ ዘገየልንና ጓርኒሲዮኗ በሚቀጥለው አውሮፕላን መጣች፣ በካርቶን ተጠቅልላ። ጋሼ ራሳቸው መንገዱ ሳይዘጋ በጭነት መኪና ይዘዋት ወረዱ። ከስድስት ቀን በኋላ ጠዋት ገና ሳልጠራው ሬዲዮኑ ጮኸ።

"ነጠላ! ነጠላ! ነጠላ!" ከዚያ ትንሽ ተነፈሰ። "እህቴ፣ ደህና አደርሽ?"

ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ አለቀስኩ፤ ከዚያ ስለ ላማችን ነገርኩት።

ማሽላው ሲደርስ እንደገና መጣ። የእናቱን ማሽላ በትንሽ ስልቻ ይዞ፣ ያን የድሮውን ገመድ ወገቡ ላይ ታጥቆ። ሰላምታው እንዳለቀ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ "ቀኑ አልፏል፣ አሁን ይፈታል። አንብቢልኝ" አለኝ።

ቀዩን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ሞተሩ ውሃ ጎደለበት ስል አንዱን ይፈታል፤ ነጭ ጭስ ስል ጨርቁን አውጥቶ ሌላውን ይፈታል። ወፍራሙ ቋጠሮ ጋ ስንደርስ በጥርሱ ታገለው። ቀኖቹ አለቁ። መዝገቡ ላይ ግን አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። ማንበብ አይችልም፤ ልዝለለው ብል ማንም አያውቅብኝም።

"አለቀ?" አለኝ።

"አላለቀም" አልኩና አነበብኩት። "ይህ ሁሉ በጊዜው ሳይመዘገብ የቀረው፣ መዝጋቢዋ ሰምታ ሳትጨርስ ሬዲዮኑን ስለዘጋች ነው።"

ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ጣቶቹን ነበር የማየው፤ ገመዱን ወደ እኔ እያዞሩት ነበር። የቀሩት እነዚያ የጤፍ ፍሬ የሚያክሉት ብቻ ናቸው።

"እነዚህ የሞተር አይደሉም ብለኸኝ ነበር" አልኩት።

"የሞተር አይደለም። የሬዲዮ ነው። አንድ ነገር ብቻ ስል ጠቅ ይላል። ጠቅ ያለ ቀን አሰርኩ።"

ያኔ ጣቱን ጭረቶቼ ላይ አድርጎ የኔ ቋጠሮ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔም አዎ ብዬ ስዋሸው፣ ወገቡ ላይ እያንዳንዷን ጠቅታዬን ታጥቋት ነበር ማለት ነው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

ጥያቄው ገረመው። "ያን ቀን ገና ሰላምታ ላይ ነበርን" አለኝ። "ክፉ ነገር መጨረሻ ነው የሚነገረው።"

ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ትናንሾቹ ቋጠሮዎች ከትላልቆቹ ይልቅ ጠብቀው ነበር፤ ጥፍሬ እስኪታጠፍ ታገልኳቸው። እሱ በበርጩማው ላይ ተመቻችቶ እናቴን እንደገና ጠየቀኝ። ደህና ናት ማለት ጀምሬ ተውኩትና ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ እንቅልፍ እንደሚነሳት፣ እንደምፈራም ሁሉ ነገርኩት። ጋሼ ለምሳ ሊጠሩን መጥተው በሩ ላይ ሲቆሙ እሱ ስለ ላማችን እየጠየቀኝ ነበር፤ እኔም ገና ሦስት ቋጠሮ ይቀረኝ ነበር።